ከሾርባዬ የተረፈ

ሎዛ ከተማ ውስጥ፣ ከተራራው እግር፣
ወረቀት ፋብሪካ ጥቅል ሳሽከረክር፣
ሰባት ወር ሙሉውን ከምሳዬ ቆርጬ፣
ሾርባዬን አቅጥኜ፣ ሲጋራ ረግጬ፣
ያጠራቀምኳት ናት ፖስታው ውስጥ ያለችው፤
መቶ ሰማንያ ዩሮ፣ ትናንት የሞላችው።
አንድ ጊዜ ቆጥሬ ዘግቻታለሁ።
(ውሸቴን ነው፤ ማታ ማታ እቆጥራለሁ፣
ወልዳ እንደሁ ብዬ ፖስታውን አያለሁ።)

ብስክሌቴ አሮጌ ናት፤ ከአክስቴ ልጅ የገዛኋት፣
ሁለት ጊዜ በብሩሽ ራሴው የቀባኋት።
የፊት ሹካዋ እንደ ታመመ ዓይን ዘይት ያለቅሳል፤
ፍሬኗ ቁልቁለት ባየ ቁጥር እንደ ፍየል ይጮኻል፤
ሰንሰለቷ ዳገት ላይ ከጥርሱ ይዘላል፤
የኋላ ጎማዋ ራሰ በራ ሆኖ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይጨፍራል።

አንድ ቀን ኮይምብራ፣ ሱቅ መስኮት ውስጥ ቆሞ፣
ወርቃማ ሹካ አየሁ፤ ጠራኝ፣ «ና ቴልሞ»።
ዋጋው ስምንት መቶ፣ ከነቅናሹ ጭምር፤
አፍንጫዬን ከመስታወቱ ነቅዬ ተመለስኩ ወደ መንደር።
«በየወሩ ክፈል» አለችኝ ዙልሚራ፣ ማሽን አብራኝ የምትሠራ፤
«ሃያ አራት ወር ምን አላት? አትፍራ።»
(ድመት ቧጥጦ የጨረሰውን ሶፋ
እሷ ገና ትከፍላለች፣ በየወሩ ተራ በተራ።)

አቢልዮ ዘንድ ሄድኩኝ፣ ድልድይ ስር ጋራዡ፤
(ግራ እጁ ሦስት ጣት ነው፤ ሁለቱን መጋዙ
በልቶበታል ድሮ።)
ብስክሌቷን ገልብጦ፣ ጎማዋን አዙሮ፣
አዳመጣት ብዙ፣ እንደ ሐኪም አቀርቅሮ።
«ስንት ይዘሃል?» አለኝ።
ነገርኩት።
«ደህና ነው» አለ፤ «ብዙ ያለው ሰው ብዙ ይሳሳታል፤
አንተ ግን አንድ ዕድል ነው ያለህ፤ ማሰብ ይሻልሃል።

«መጀመሪያ ጎማ፣ መሬት የሚነካው፤
ሁለተኛ ፍሬን፣ ነፍስህን የሚለካው፤
የቀረው ጌጥ ነው፤ ሰው አይቶ እንዲያደንቅህ፤
ድንጋይ ግን ጌጥ አያይም፤ ድንጋይ አያውቅህ።»

«ሹካውስ?» አልኩት።
«አልሞተም ሹካው፤ ላስቲኩ ነው ያረጀው፤
በአሥራ ዘጠኝ ዩሮ እዚሁ እናብጀው።
ጎማ አንድ ብቻ ግዛ፤ ደህናውን፣ ለፊት፤
የፊቱን ወደ ኋላ፤ የኋላው ይሁን ለዶሮ ቤት።
ሰንሰለቱን ዛሬ ለውጥ፣ ሃያ ሁለት በዛሬ ዋጋ፤
ካሳደርከው ጥርስ ይበላል፤ መቶ ይሆናል ሲነጋ።»

ካርቶን ቀደደና በእርሳስ ደመረ፦
ጎማው ሠላሳ ስምንት፣ የፍሬን ሸራ ሃያ አራት፣
የመሪ እጀታ ዘጠኝ... ድምሩ መቶ አሥራ ሁለት።
«የእጅህስ?» ስለው፣ መፍቻውን ወረወረልኝ፦
«እኔ አሳይሃለሁ፤ ጣት ያለህ አንተ ነህ፤ ፍታት።»

ቅዳሜ ሙሉ ፈታሁ። አንድ ብሎን አመለጠኝ፤
በሆዴ ተኝቼ ስፈልግ ምሽት አገኘኝ።
የሹካው አሮጌ ዘይት ጭቃ መስሎ ወረደ፤
አዲሱን ሳጠጣው ጠለቀ፣ ተነሣ፣ ተነፈሰ፣ ለመደ።

እሑድ ወጣሁ ተራራ። ከጥቁር ድንጋይ ቤቶች በላይ፣
ባሕር ዛፉ ልጡን ጥሎ መንገዱን ሸፍኖት ሳይ፣
ለቀቅኩ።
ጎማው አፈሩን ነከሰ። ፍሬኑን ያዝኩ፤ ዝም አለ።
ያኔ ነው የሰማሁት፤ ለካ እዚህ ወንዝ አለ።
ሦስት ዓመት ስወርድ፣ በፍየሉ ጩኸት ታፍኖ ኖሮ፣
ዛሬ ገና ደረሰ ከጆሮ።

ከዚያ አንዱ አለፈኝ፣ ወርቃማውን ሹካ ተክሎ፣
ሥሩንም ድንጋዩንም እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ።
አልዋሽም፤ ያምራል።
አንገቴ እስኪጠማዘዝ አየሁት። ያምራል።

ታች ስደርስ፣ ልቆም ባልኩበት ቦታ ቆምኩ፤
ጣቶቼን ቆጠርኩ፤
አሥር።

ማታ ፖስታውን ከፈትኩ። ስልሳ ስምንት። አልወለደችም።
መብራት አጠፋሁ። ከኮይምብራ «ቴልሞ» የሚለው ድምፅ አልጠፋም።
ነገ ሰኞ ነው።
ሾርባው ላይ አንድ ጭልፋ ውሃ እጨምራለሁ።